የድሮ ማሊያ፣ ፎቶና ሜዳሊያ በፍሬም አድርጎ መስቀል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤቶች

በየሳሎኑ ከተሰቀሉ የድሮ የስፖርት ማስታወሻዎች ብዙዎቹን የጎዳቸው ዕድሜ ሳይሆን ፍሬሙ ነው። ማሊያው በኮላ ይለጠፋል፣ የቡድኑ ፎቶ ላሚኔት ይደረጋል፣ ጋዜጣው በፓስታ ካርቶን ይደገፋል። ከዚያ እንግዳ እንዲያያቸው ተብሎ ከመስኮት ትይዩ ይሰቀላሉ። ሳጥን ውስጥ ተረስተው ቢቀሩ ይሻላቸው ነበር።

ስለዚህ ከታች ያለውን ሥራ ሁሉ በአንድ ጥያቄ እያጣራችሁ ሂዱ፦ «ነገ ልፍታው ብል፣ ዕቃው ሳይጎዳ ይፈታል ወይ?» ስፌት ይፈታል፣ ኮላ አይፈታም። ብሎን ይወጣል፣ ሲልከን አይላቀቅም። ላሚኔት የተደረገ ፎቶማ አንዴ ከፕላስቲኩ ጋር በሙቀት ተጣብቋልና አበቃለት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህቺን ጥያቄ አትርሱ።

ዋና ምሳሌ የማደርገው የድሮ የፋብሪካ ቡድን ማሊያ ነው። ጥጥ ነው፣ ሰማያዊው ደብዝዟል፣ ብብቱ ቢጫ ሆኗል፣ ጀርባው ላይ 5 ቁጥር በእጅ ተሰፍቶበታል። እንዲህ ያለ ማሊያ ከሳጥን ሥር የቀበረ ሰው በሁለቱም ከተሞች አይጠፋም።

1. ታሪኩን አስቀድማችሁ ያዙ

ማሊያውን ከመንካታችሁ በፊት ባለቤቱን አነጋግሩ። የየትኛው ቡድን ነው? ማን ለበሰው? በየትኛው ጨዋታ? ታሪኩ የሌለው ማሊያ አሮጌ ልብስ ነው። የሰማችሁትን በእርሳስ ነጭ ወረቀት ላይ ጻፉ፣ በዕቃው ላይ ግን ምንም አትጻፉ። ከፊትም ከኋላም፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጣችሁ ፎቶ አንሱት። ቀዳዳና እድፍ ካለ ቀረብ ብላችሁ ለየብቻ አንሱ።

ዓመተ ምሕረት ላይ በተለይ ተጠንቀቁ። አንድ ዕቃ ላይ «1980» ብቻ ተጽፎ ብታገኙ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በታኅሣሥ ወር ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ላይ ዚምባብዌን በመለያ ምት አሸንፋ የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ የወሰደችበት ዓመት ነው። በፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ምሩፅ ይፍጠር ሞስኮ ላይ በ5 ሺህና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ያጠለቀበት፣ ማለትም የእኛ 1972 ነው። አበበ ቢቂላም ሮም ላይ ያሸነፈው ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ስለነበር፣ ወሬውን ያወጣ ጋዜጣ ላይ 1953 የሚል ቀን ብታዩ አይግረማችሁ፤ በማግሥቱ ዘመን ተለውጧል። ስለዚህ በካርዳችሁ ላይ ሁልጊዜ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ብላችሁ ለዩ።

ወረቀትና ፎቶ ካለ በ600 ዲፒአይ (የስካኑ ጥራት መጠን ነው) ስካን አስደርጉ። ፋይሉን በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። አንዱን ቅጂ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ አስቀምጡ። በ2014ቱ ጦርነት የስንቱ ቤት አልበም የት እንደደረሰ አይታወቅም፤ የደሴ ሙዚየም እንኳ ከዘረፋ አልተረፈም።

2. ይታጠብ ወይስ አይታጠብ?

እዚህ ላይ ከቤተሰብ ጋር መጣላት አለ። እናቶች ማሊያው ከሳጥን ሲወጣ ወዲያው ኦሞና በረኪና ያነሳሉ። በረኪናውን ከእጃቸው ተቀበሏቸው። ያረጀ ጥጥ ውኃ ውስጥ ሲገባ በራሱ ክብደት ሊቀደድ ይችላል፣ የቁጥሩ ቀለም ወደ ሰማያዊው ይፈስሳል። የክርኑ ጭቃና የብብቱ ላብ ደግሞ ሰውየው እንደተጫወተበት የሚመሰክሩ ናቸው። እኔ ብሆን አላጥበውም።

አቧራው ግን ይነሳ። ማሊያውን ንጹሕ አንሶላ ላይ ዘርጉት፣ ላዩ ላይ ሻሽ አልብሱትና ቫኪዩሙን በዝቅተኛው ኃይል በሻሹ ላይ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ። ቫኪዩም ከሌለ አዲስ ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ሻጋታ ካለው ደጅ ጥላ ሥር፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ ጥረጉት። ፀሐይ ላይ አታስጡት።

ሱፍ ከሆነ ብል ይፈራል። የተበላ ቀዳዳ ወይም ነጭ ትል ካያችሁ በፕላስቲክ ከረጢት አየር እንዳያስገባ አሽጋችሁ ለሁለት ሳምንት ዲፕ ፍሪዝ ውስጥ አስገቡት። በመካከል መብራት ጠፍቶ ዲፕ ፍሪዙ ከቀለጠ ቆጠራው እንደገና ይጀመር። ሲያወጡት ከረጢቱን ወዲያው መክፈት የለም፤ ሙሉ ቀን የክፍሉን ሙቀት ይያዝ። ናፍታሊን ፍሬም ውስጥ አይግባ። ሽታው ለሰውም ጤና አይደለም፣ የፕላስቲክ ቁጥሮችንም ያለሰልሳቸዋል።

3. ወቅቱንና ከተማውን ምረጡ

ደሴ ከ2400 ሜትር በላይ፣ ኮምቦልቻ ከ1800 ሜትር በላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም አየሩ ሌላ ነው። በክረምት የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሲከርም የደሴ ቤት ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፤ የአየሩ እርጥበት ከ65 እስከ 70 በመቶ ካለፈ ሻጋታ ይነሳል። ለጨርቅም ለወረቀትም የሚስማማው ወደ 50 በመቶ የሚጠጋ ነው።

በሐምሌና በነሐሴ ፍሬም አትዝጉ የምለው ለዚህ ነው። ካርቶኑ፣ ጨርቁና እንጨቱ የጠጡትን እርጥበት ይዘው ይታሸጋሉ። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወር ይሻላል። ሌላም አለ፦ ፍሬሙን ሞቃት ቀን ኮምቦልቻ ላይ አስዘግታችሁ ማታ ደሴ ብታደርሱት፣ መስታወቱ ከሁሉ ቀድሞ ይቀዘቅዝና ውስጥ የታሰረው አየር በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጠል ሊያወርድ ይችላል። እንጨቱንም መስታወቱንም ኮምቦልቻ ማሠራት ምንም አይደለም፤ የመጨረሻው ብሎን ግን ፍሬሙ በሚሰቀልበት ቤት ይጥበቅ። ከዚያም በፊት ዕቃዎቹ ሁሉ ለሁለት ለሦስት ቀን እዚያው ክፍል ይረፉ።

4. ከአናጢውና ከሱቅ የምታመጡት

ለአዋቂ ማሊያ እጅጌው ወደ ውስጥ ታጥፎ 60 በ80 ሴንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን መሰል ፍሬም ይበቃል። ዋንዛ ካገኛችሁ ደግ ነው፤ ግን የትኛውም እንጨት፣ በተለይ ቺፑድና ኤምዲኤፍ፣ ጨርቅን ቀስ በቀስ የሚያቃጥል አሲድ ይተነፍሳል። መፍትሔው ከማዕድ ቤት ይገኛል፦ የፍሬሙን የውስጥ ጎንና የጀርባውን ሳንቃ በአሉሚኒየም ፎይል አልብሱት። ቫርኒሽ ወይም ቀለም ከተቀባ ሽታው እስኪጠፋ ሦስት አራት ሳምንት ሜዳ ላይ ይቆይ። መስታወቱን በሲልከን እንለጥፈው ቢሏችሁ እምቢ በሉ። ያ አቼቶ አቼቶ የሚለው ሽታ ራሱ አሲድ ነው።

ለጀርባ 6 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ፣ ለትራስ ሠሪዎች የሚሸጠው ፋይበር፣ ቀጭን የጥጥ ክርና አቡጀዲ ያስፈልጋችኋል። አቡጀዲ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስል፣ ያልነጣ ያልቀለመ ጥጥ ነው። ግን ከሱቅ ሲወጣ ስታርች አለው፣ ስታርች ደግሞ ተባይ ይጠራል። በሙቅ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ እጠቡት፣ ማለስለሻ አታድርጉበት፣ በንጹሕ ውኃ አጥባችሁ ተኩሱት። እግረ መንገዱን መኮማተሩንም እዚያው ይጨርሳል።

መስታወት ወይስ ፕሌክሲ ግላስ (መስታወት መሰሉ ፕላስቲክ)? 3 ሚሊ ሜትር መስታወት በዚህ ልክ 3.6 ኪሎ ይመዝናል። ፕሌክሲ ግላስ ቀላል ነው፣ አይሰበርም፤ ነገር ግን ሲወለወል ኤሌክትሪክ ይይዝና የሚረግፍ የቁጥር ቀለምን ስቦ ያነሳል። ለሚረግፍ ዕቃ መስታወት፣ ልጆች ኳስ ለሚያንጠባጥቡበት ሳሎን ፕሌክሲ ግላስ።

5. ማሊያውን መስፋት

ሳንቃውን በፎይል ሸፍኑ፣ በላዩ ስስ ፋይበር አንጥፉ፣ ከዚያ አቡጀዲውን ወጥራችሁ ጠርዙን በጀርባ በኩል በስቴፕለር ምቱ። ብረቱ ማሊያውን በማይነካበት ቦታ ስለሆነ ችግር የለውም። ማሊያውን መሐል ላይ አስቀምጡና ቆማችሁ እዩት። ከቅርብ ቀጥ ያለ የመሰለ አንገትጌ ከሩቅ ሲታይ ብዙ ጊዜ ያዘነበለ ነው።

አሁን ዋናው ሥራ። ሳንቃው ስለማይታጠፍ ቀጥ ያለ መርፌ አያስኬድም፣ ቆልማማ መርፌ ያስፈልጋል። ካጣችሁ ቀጭን መርፌ በፒንሳ ይዛችሁ በእሳት ቀይ እስኪሆን አግሉና ቀስ ብላችሁ እጠፉት፤ ጥቀርሻውን በደንብ ጥረጉ። ክሩ የጥጥ ይሁን፣ ከማሊያውም የደከመ ይሁን። አንድ ቀን ነገሩ ከተሳበ ክሩ ይበጠስ፣ ማሊያው ይትረፍ። ፖሊስተር ክር ግን አይበጠስም፣ ያረጀውን ጥጥ እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል።

እጃችሁን በማሊያው የታች ጠርዝ በኩል ወደ ውስጥ አስገቡ። የምትሰፉት የጀርባውን ሽፋን ብቻ ነው፣ ከፊት ምንም ክር አይታይም። ከአንገትጌው ጀምሩ። የአንገትጌው ስፌት ከውስጥ ሦስት አራት ድርብ ስለሆነ ክብደቱን የሚሸከመው እሱ ነው። መርፌውን በስፌቱ ትርፍ ላይ አሳልፉት፤ ሜዳው ላይ፣ ማለትም አንድ ድርብ በሆነው ጨርቅ ላይ፣ አትውጉት። ሹራብ መሰሉ ጨርቅ አንድ ክሩ ከተበጠሰ እንደ ካልሲ ይተረተራል። መርፌው በቀላሉ ካላለፈ አትግፉ፣ አውጡና ግማሽ ሚሊ ሜትር አጠገቡ ሞክሩ። በየ3 ሴንቲ ሜትሩ አንድ አጭር ስፌት ጣሉ። ክሩን ስታጠብቁ ጨርቁ ላይ ጉድጓድ ከታየ በዝቷል፣ ትንሽ ልቀቁት። ከአንገትጌ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ ጎን ስፌቶች ውረዱ፣ የታችኛውን ጠርዝ የኋላ ሽፋን በመጨረሻ ያዙት።

ይህ ካለቀ በኋላ ሙሌቱን አስገቡ። ከማሊያው ቅርጽ በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ቀጭን ትራስ ከአቡጀዲና ከፋይበር ሰፍታችሁ በታች በኩል አንሸራቱት፤ ለእጅጌዎቹም እንደ ጥቅል ያለ ትንሽ ሙሌት ስጡ። የሚፈለገው ደረት መሥራት አይደለም፤ እጥፋቱ ሹል ሆኖ እንዳይሰበር ነው። ቁጥሩ የሚታየው ከጀርባ ከሆነና ጀርባውን ማሳየት ከፈለጋችሁ ያው ሥራ ተገልብጦ ይሠራል፣ ከፊቱ ሽፋን ትሰፋላችሁ።

በፕላስቲክ የታተመ ቁጥር ያለው ማሊያ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ ይጨመር። ያ ፕላስቲክ ሲያረጅ ይለሰልስና ያገኘው ነገር ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ አይታጠፍ፣ መስታወትም አይንካው። ለማንኛውም ዕቃ ቢሆን በመስታወቱና በጨርቁ መካከል ቢያንስ 1.5 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ይኑር፤ አናጢው በፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን ቀጭን ጣውላ ቢያደርግላችሁ ክፍተቱ ተጠበቀ ማለት ነው።

6. ፎቶ፣ ጋዜጣ፣ ትኬት

እዚህ ምክሬ አጭር ነው፦ ቅጂውን ስቀሉ፣ ዋናውን አስቀምጡ። ጥሩ ስካን በጥሩ ወረቀት ከታተመ እንግዳ ልዩነቱን አያውቅም። ጋዜጣ በተለይ ለብርሃን አይሆንም፤ ወረቀቱ ከእንጨት ፍጭ የተሠራ ስለሆነ ቢጫ ሆኖ ይደርቅና ሲነኩት ይፈረፈራል።

ዋናውን ፎቶ ካልሰቀልኩ የሚል ካለ በኮላም በስኮችም አይለጥፈው። ከፎቶ ኮፒ ወረቀት አራት ትንንሽ የማዕዘን ኪሶች አጥፉ፣ ኪሶቹን ከጀርባ ካርቶኑ ላይ ለጥፉ፣ ፎቶውን በማዕዘኖቹ ሰክታችሁ አስቀምጡ። ኮላው ኪሱን እንጂ ፎቶውን አይነካም። የዛሬ የፎቶ ኮፒ ወረቀት አብዛኛው አሲድ የለውም፤ ቡናማው የዕቃ ካርቶን ግን አሲዱ ብዙ ነው፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ ወረቀቱን ያጠቁረዋል። ከፎቶው ፊት መሐሉ እንደ መስኮት የተቆረጠ ነጭ ካርቶን አድርጉለት፣ መስታወቱን እንዳይነካ።

ከድሮው ፍሬም መስታወት ጋር የተጣበቀ ፎቶ ከመጣላችሁ አትላጡት። ምስሉ ያለበት የጄላቲን ሽፋን መስታወቱ ላይ ይቀራል። ከነመስታወቱ ስካን አድርጉና እንዳለ አስቀምጡት።

7. ሜዳሊያ፣ ኳስ፣ ጫማ

ሜዳሊያን በአመድና በሎሚ አታሹ። የሚያብረቀርቀው ላዩ ስለተፋቀ ነው፣ በየጊዜው ጽሑፉ እየሳሳ ይሄዳል። በሪባኑ ማንጠልጠልም የለም፤ ሪባኑ ሐር ወይም ደካማ ጨርቅ ነውና ክብደቱን አይችልም። ሜዳሊያውን በጥጥ ክር ሦስት ቦታ ከሳንቃው ጋር ያዙት፣ ሪባኑን ከላዩ ዘርጉ። ብር ከሆነ ከሱፍ ጨርቅና ከላስቲክ አርቁት፣ ሁለቱም ያጠቁሩታል።

የድሮ የቆዳ ኳስ አይነፋ፣ ስፌቱ ይፈነዳል። ቅቤም ቫዝሊንም የጫማ ቀለምም አይቀባ። በአቡጀዲ ከተጠቀለለ ፋይበር ቀለበት ሠርታችሁ ላዩ ላይ አስቀምጡት። የሩጫ ጫማ ውስጥ ነጭ ወረቀት ጠቅጥቁ፣ ጋዜጣ ግን አይሆንም፤ ሶሉ የሚጣበቅ ከሆነ ከሥሩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት አድርጉ።

8. የት ይሰቀል?

መስኮት ትይዩ አይሁን። ተራ መስታወት ከፀሐይ የሚመጣውን ጎጂ ጨረር አብዛኛውን አያስቀርም፣ በዚህ ከፍታ ደግሞ ፀሐይዋ ኃይለኛ ናት። ለመኪና መስታወት የሚለጥፉ ሰዎች ዘንድ ግልጽ የሆነውን መከላከያ ፊልም ማስለጠፍ ይረዳል፤ ግን የሚታየው ብርሃንም ራሱ ቀለም ያደበዝዛልና ፊልም አስለጠፍኩ ብላችሁ ፀሐይ ላይ አትስቀሉት። አምፑሉ ኤልኢዲ ይሁን። ከተቻለ ለሦስት አራት ወር አሳዩት፣ ከዚያ በጨለማ ይረፍ፣ በቦታው ሌላ ይሰቀል።

ከቡናው ጥግ አርቁት። የወሎ ቤት ጭስ አያጣውም፤ ከሰሉ፣ ዕጣኑ፣ አድሩሱ ሁሉ ዘይታም ጥቀርሻ ነው፣ በፍሬሙ ስንጥቅ ሁሉ ይገባል። እኔ ቡና ይቁም አልልም፣ ፍሬሙ ሌላኛው ግድግዳ ላይ ይሁን እንጂ።

ግድግዳው የውስጥ ክፍልፋይ ይሁን። ወደ ደጅ የሚያይ ግድግዳ በክረምት ቀዝቅዞ ያልበዋል። በፍሬሙ ጀርባ አራት ማዕዘን ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሽ ለጥፉ፣ አየር ይዙር። ሙሉው ፍሬም ሲሞላ 7 ወይም 8 ኪሎ ሊደርስ ስለሚችል የጭቃ ቤት ከሆነ ሚስማሩ ጭቃውን ሳይሆን ውስጥ ያለውን ቋሚ እንጨት ይያዝ፤ በጣት መታ መታ ስታደርጉ ድምፁ ይነግራችኋል። ብሎኬት ከሆነ ሆዱ ባዶ ነው፣ ፊሸሩ (ብሎኑን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ) እዚያ ከገባ ይሽከረከራል። ስሚንቶ ባለው መጋጠሚያ ላይ ብሱና በሁለት ብሎን ስቀሉት።

9. መዝጋትና መጎብኘት

ጀርባውን በብሎን ዝጉ፣ ሚስማር በመዶሻ መምታት ሊረግፍ የደረሰውን ያረግፋል። የፍሬሙንና የሳንቃውን መጋጠሚያ ከውጭ በወረቀት ፕላስተር ዙሩት፤ አቧራና ተባይ እንዳይገባ ነው፣ ሲያስፈልግ ይቀደዳል። በመጀመሪያ የጻፋችሁትን ታሪክ ቅጂ በፖስታ አድርጋችሁ ከውጭ ጀርባው ላይ ያዙት።

ክረምቱ ወጥቶ ቤት ሲጸዳ፣ ለመስቀል ሰሞን መሆኑ ነው፣ ፍሬሙን አውርዱና በባትሪ መብራት ከጎን እዩት። የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው፦ በመስታወቱ ውስጠኛ ገጽ ላይ ጉም ወይም ነጠብጣብ፣ ከታች ጠርዙ ላይ እንደ አሸዋ የረገፈ ደቃቅ ነገር፣ አዲስ ነጭ ወይም አረንጓዴ ነቁጥ። ጉም ብቻ ከሆነ ቦታ ቀይሩ። የረገፈ ነገር ካለ ብል ወይም የእንጨት ተባይ ነው፣ ይከፈት፣ ሱፉ ወደ ዲፕ ፍሪዝ ይሂድ። ነቁጥ ካያችሁ ማሊያውን ፍቱት፣ በደረቅ ክፍል አየር ይንካው፣ አቡጀዲውንና ፋይበሩን ጣሉና በአዲስ ተኩ። ክሩን በመቀስ ቆርጣችሁ በፒንሴት ማውጣት ነው፤ ከአንገትጌው ጀምራችሁ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ፣ ክብደቱ እስከ መጨረሻው ድረስ በትከሻው ላይ እንዲቆይ።